ከባሻይ ግደይ ደጅ ያልወጣው ዱካ

የባሻይ ግደይን መሞት የነገረኝ ሰው እየሳቀ ነበር። ቀኑ ሰኞ፣ የመቐለ ገበያ ነው። እኔ ከጨው ክምሬ ፊት ቆሜ ከአንድ ግመለኛ ጋር በዋጋ እጨቃጨቃለሁ። ከወዲያ ማዶ አንዱ ቆዳ ነጋዴ፣ "ሰይድ! ሰማህ ወይ? ጣልያን ውሻውን ራሱ ገደለልህ! ባንዳው ግደይ እንዳ ኢየሱስ ምሽግ ላይ ተሰቀለ!" ብሎ ጮኸ። ዙሪያው ያለውም ሰው አብሮት ሳቀ። በእጄ የያዝኩትን አሞሌ አናቱ ላይ ልከሰክስበት ተነሣሁ። ወላሂ፣ ግመለኛው ክንዴን ባይዘኝ ኖሮ አደርገው ነበር።

"ምን ነካህ? ዘመድህ ነው እንዴ?" አለኝ ግመለኛው።

"አዎ፣ ዘመዴ ነው" አልኩት። እኔ የወሎ እስላም፣ እሱ የትግራይ ክርስቲያን! ግመለኛው ዐይኑን አፍጥጦ ቀረ። ጨዉን ለጎረቤቴ አደራ ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

አሁን ጣልያንም ሄዷል፣ ሰዉም ወደየሥራው ተመልሷል። የባሻይ ስም ሲነሣ ግን እስከ ዛሬ አፉን የሚያጣምም አለ። እሱ በሕይወት ሳለ ዝም እንድል አስምሎኝ ነበር። አሁን መሐላውን የሚጠይቀኝ ስለሌለ እናገራለሁ። የሚሰማ ይስማ፣ የማይሰማ የራሱ ጉዳይ ነው።

ባሻይ ግደይ ዱካ ተከታይ ነበር። ከብት ሲጠፋ፣ በቅሎ ሲሰረቅ፣ የጨው ነጋዴ ግመል ሲነዳበት የሚጠራው እሱ ነው። የባሻይነቱን ማዕረግም ያገኘው ከጣልያን በፊት በነበረው መንግሥት በዚሁ ሥራው ነው። ረጅም፣ ወገቡ ጎበጥ ያለ ሰው ነው። ዘንግ ይይዛል፣ ግን አይመረኮዘውም። መሬት ላይ ከዱካው ጎን ያጋድመውና የእርምጃውን ርዝመት ይለካበታል። ሁልጊዜ ዱካውን በሱና በፀሐይ መካከል አድርጎ ቁጢጥ ይላል፤ ያኔ ዱካው ጥላ ይይዝለታል። ሰው ሲያናግረውም ፊት አያይም፣ እግር ነው የሚያይ።

ከወሎ መጥቼ አጥሩ ጥግ ቤት የተከራየሁ ለት፣ ሰላም ልበለው ብዬ ብሄድ ቁልቁል እግሬን አየና፣ "ከሩቅ ነው የመጣኸው፣ ሓወይ። በልጅነትህ ግራ ጉልበትህ ተሰብሯል። ያበጀልህ ወጌሻም ደኅና ሰው አይደለም" አለኝ። ሓወይ በነሱ ቋንቋ ወንድሜ ማለት ነው። አዑዙ ቢላሂ! ጠንቋይ አጥር ላይ ቤት ተከራየሁ ብዬ ሌሊቱን እንቅልፍ በዐይኔ ሳይዞር ዐደርኩ። ኋላ ስንለማመድ ይቀልድብኝ ጀመር። "ሰይዶ፣ አንተ ጨው ስትሸጥ ሩቅ ሆኜ አይሃለሁ። ዋጋ ስትዋሽ ቀኝ እግርህ ወደ ውስጥ ይዞራል" ይለኛል። ከዚያ ወዲያ ስሸጥ እግሬን ከጆንያው ኋላ መደበቅ ጀመርኩ። ይህንን ሲሰማ ዕንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሲስቅ ያየሁት ግን ጥቂት ጊዜ ነው፤ ልቡ ውስጥ የማይነቀል ነገር ነበረበትና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጣልያን በፊት ነው፣ እኔ ገና አልመጣሁም። አንድ እሑድ ጠዋት፣ ሰው ቅዳሴ ላይ ሳለ፣ የአንድ ትልቅ ነጋዴ በቅሎ ትሰረቃለች። ባሻይ ይጠራል። ከጋጣው ሲነሣ የነጠላ ጫማ ዱካ ያገኛል፤ ተረከዙ ላይ የተጣፈ ጫማ ነው። ዱካው በቅሎዋን እስከ ከተማው ዳር ይነዳና ለሌላ ሰው ያስረክባታል። ከዚያ ብቻውን ይመለስና ቤተ ክርስቲያን ደጅ ይደርሳል። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ደግሞ ተነሥቶ ተስፋይ የሚባል ሸማኔ ቤት ይገባል። ተረከዙ የተጣፈው ጫማም ተስፋይ ደጃፍ ላይ ተቀምጧል።

ተስፋይ፣ "እኔ ቅዳሴ ላይ ነበርኩ" ብሎ ማለ። ከቅጥሩ ውስጥ፣ ከኋላ ዛፍ ተደግፎ ስለቆመ ግን አየሁት የሚል ሰው ጠፋ። ባሻይም ዳኛው ፊት ቆሞ፣ "ዱካ አይዋሽም" አለ። የሱ ቃል እንደ መሐላ የሚቆጠርበት ጊዜ ነው። የሸማኔው የተስፋይ ቀኝ እጅ ተቆረጠ።

ዓመት አለፈ፣ ሌላም ዓመት አለፈ። አንድ ሌላ ሰው በጠና ታመመና ነፍሱ አልወጣ ስትለው የንስሓ አባቱንና ሽማግሌ አስጠርቶ ተናዘዘ። ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ጫማውን ደጅ ያወልቅ የለ? ሌባው የተስፋይን ጫማ ከዚያ አንሥቶ አድርጓል፣ በቅሎዋን ለባልንጀራው አስረክቦ ቅዳሴው ሳይወጣ ጫማውን ካነሣበት መልሷል። ተስፋይም ከቅዳሴ ወጥቶ የገዛ ጫማውን አድርጎ የገዛ ቤቱ ገብቷል። ይኸው ነው።

ባሻይ ይህን የሰማ ለት ዘንጉን ግድግዳ ላይ ሰቀለ አሉ። ሚስቱ በሕይወት ነበረች ያኔ፤ ልጅ አልወለዱም። "እህል በአፉ አልዞር አለ" ብላ ለጎረቤት ታለቅስ ነበር አሉ። ባሻይ ወደ ተስፋይ ደጅ ሄደ፣ በሩን ዘጉበት። እህል ላከ፣ እህሉን መለሱለት። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ዐቢይ ጾም ሲገባ ሽማግሌ ይልካል። እኔ ከመጣሁ በኋላ አንድ ጊዜ ከሽማግሌዎቹ ጋር አብሬ ሄጃለሁ። ተስፋይ ክፉ ሰው አይደለም፤ አስገብቶ አስቀመጠን፣ ውሃ አቀረበልን። ነገሩ ሲነሣ ግን የተቆረጠ ክንዱን ከነጠላው ሥር አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አኖረና፣ "ይቅርታ ነው የሚፈልገው? እጄን ያምጣልኝና ይቅር እለዋለሁ" አለ። ውሃችንን ጠጥተን ወጣን።

ባሻይ አጥር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ሳልናገር እርምጃዬን አይቶ ዐወቀው። "እውነቱን ነው" አለ። "ዱካ አይዋሽም እያልኩ ኖርኩ፣ ሰይዶ። ዱካ የጫማ ነው። ጫማውን ማን እንዳደረገው መቼ ይናገራል? እኔ ጅሉ ግን ሰው ስም ጠራሁበት።" ዘወትር የሚላት ነገር ይቺ ነበረች። ሚስቱም ከሞተች በኋላ ለኔ ነው የሚላት።

ከዚያ ጣልያን መጣ። እንዳ ኢየሱስ ላይ ያለውን አሮጌ ምሽግ ያዘ፣ ኩሓ ላይ አውሮፕላን አሳረፈ፣ ካምዮኑ ከተማውን አቧራ አለበሰው። ወዲያውም አርበኞች በየገደሉ ተነሡ። ዛሬ የስልክ ሽቦ ተቆረጠ፣ ነገ ካምዮን ተመታ ይባላል። የምሽጉ አዛዥ፣ ተኔንቴ የሚሉት መኮንን፣ የባሻይን ዝና ሰምቶ አስጠራው። ባሻይም ከግድግዳው ላይ ዘንጉን አውርዶ ሄደ።

ሰው ምን እንዳለ አትጠይቁኝ። እኔ ራሴ በንዴት ልፈነዳ ደረስኩ። አጥር ላይ ጠብቄ፣ "ምነው ባሻይ? በስተርጅና ባንዳነት አማረህ?" አልኩት።

"እኔ እምቢ ብል ሌላ ዱካ ተከታይ ያመጣሉ" አለኝ፣ እግሬን እያየ። "ያ ሌላው ደግሞ እውነቱን ያሳያቸዋል።"

ነገሩ ወዲያው አልገባኝም። ለማስረዳት ከብት ፍለጋ የወጣ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን አንድ ልማድ ልናገር። በዚህ አገር ደንብ ዱካ የገባበት መንደር፣ ዱካው ከመሬቱ መውጣቱን ማሳየት አለበት። "ይኸው፣ ከኛ ወጥቶ ወደ እነ እገሌ ሄዷል" ብሎ ካላሳየ የጠፋውን የሚከፍል እሱ ነው። ተኔንቴው ይህን ልማድ ሰማና እጅግ ወደደው። ክፍያውን ብቻ ቀየረው። የአርበኞች ዱካ ገብቶ ያልወጣበት መንደር ይቃጠላል።

አንድ ጊዜ ጨው ልገዛ ወደ በረሃው አፋፍ ወርጄ ስመለስ አርበኞች መንገድ ላይ አገኙኝ። የስልክ ሽቦ ቆርጠው ወደ ምዕራብ ይሄዳሉ፤ እኔም ውሃ ሰጥቻቸው ተለያየን። ትንሽ እንደሄድኩ ባሻይ ዘንጉን ይዞ፣ ከኋላው አስካሪ የሚባሉትን የጣልያን ጥቁር ወታደሮችና ነጭ ወታደሮች አስከትሎ ሲመጣ አየሁት። ባሻይ ዱካቸው ላይ ቁጢጥ አለ፣ ዘንጉን አጋደመ፣ ለካ፣ ጢሙን አሻሸ። ከዚያ ብድግ ብሎ ቁልቁል ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ጨው በረሃው፣ ሰው ወደማይኖርበት ቃጠሎ ይዟቸው ወረደ! ወታደሮቹ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ፣ ሁለቱ በቃሬዛ ተመለሱ። የተቃጠለ መንደር የለም። ለካ ሁልጊዜም እንዲህ ነበር፤ ወይ በረሃ ያወርዳቸዋል፣ ወይ ወንዝ ውስጥ ያስገባና "ውሃው በላው" ይላቸዋል።

ከበረሃው በተመለሰ ማግስት ወደ ጨው መደቤ መጣ። ዙሪያውን ቃኘና፣ "ያን ዕለት መንገድ ላይ ዐይንህ ምንም አላየም" አለኝ።

"አይቷል እንጂ! ለሰዉ ሁሉ ነው የምነግርልህ። ባንዳ እያሉ ሲሰድቡህ እኔ አንጀቴ አይችልም።"

"ዋእ! ልትገድለኝ ነው? ሰው ሲረግመኝ ተኔንቴው ይሰማል። ሲሰማ ያምነኛል። አንድ ሰው መርቆኝ ከተሰማ ሥራዬ አበቃ። ማል!" አለኝ። በአላህ አስማለኝ። እኔም ማልኩ።

እንግዲህ ያንን ሁሉ ዓመት ስድቡን እየሰማሁ ዝም አልኩ። ሴቶች መንገድ ላይ ሲያዩት ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ይስባሉ። ቤተ ክርስቲያን ሲቆም አጠገቡ የቆመው ፈቀቅ ይላል። ከሁሉ የማይረሳኝ የጻድቅ ማኅበሩ ቀን ነው። ወር ገብቶ ተራው ደረሰው። ሚስት የሌለው ሰው፣ ጎረቤት አስቸግሮ ዳቦ አስጋገረ፣ ስዋ የሚሉትን ጠላ አስጠመቀ፣ ግቢውን ራሱ ጠረገ፣ ቄጤማ ጎዘጎዘ። ነጭ ኩታውን ለብሶ በር ላይ ቆመ። ማኅበርተኞቹ አልመጡም። ከነሱ አንዱ በደጁ ሲያልፍ እንኳ ፊቱን አዞረ። ፀሐይዋ ጋደል ስትል እኔ አላስችል አለኝና ገባሁ።

"ዛሬ ማኅበር ነው፣ ሰይዶ" አለኝ ግራ ገብቶት።

"ዐውቃለሁ። ስዋህን አልጠጣም። ዳቦህን ግን ቁረስልኝ፣ ርቦኛል" አልኩት።

ቆረሰልኝ። በላሁ፤ ሳይርበኝ በላሁ። እሱ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ እጁን እጁን እያየ፣ "ይሄ ሁሉ ምንም አይደለም" አለኝ። "የነሱ ሲያልፍ ያልፋል። ከተስፋይ ይቅርታ ሳላገኝ እንዳልሞት ብቻ ነው የምፈራው። ይህን አንድ ነገር ነው ከእግዚአብሔር የምለምነው።" ማኅበሩን የጠመቀለት ጻድቅ ይሰማው እንደሆነ እኔ አላውቅም። እኔ ግን ሰማሁት፣ እስከ ዛሬም ይሰማኛል።

ተኔንቴውም ውሎ አድሮ ጠረጠረ። መጠርጠር ይነሰው? ሁልጊዜ በረሃ፣ ሁልጊዜ ወንዝ! አንድ ጠዋት ኩሓ መንገድ ላይ የመሣሪያ ካምዮን ተመታ። አርበኞቹ ሁለት ሰው ቆስሎባቸው፣ ቁስለኞቹ ወደ ገደል መድረስ አቅቷቸው ወደ ከተማው ገቡ። ዱካው ደም አለበት። ተኔንቴው ባሻይን አስጠርቶ በአስተርጓሚ፣ "ዛሬ በረሃ የለም፣ ወንዝ የለም። ዱካው የገባበት ቤት ይቃጠላል፣ ባለቤቱም ይሰቀላል። ጠፋብኝ ካልክ፣ የጠፋብህን ሰፈር በሙሉ አቃጥለዋለሁ" አለው። ይህን ሁላችንም ሰምተናል፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ደጅ እንዲወጣ ታዞ መንገድ ዳር ተደርድረን ቆመን ነበርና።

ባሻይ ዘንጉን ይዞ ተነሣ። እያጎነበሰ፣ እየተነሣ፣ በኔ ፊት አለፈ። ሰዉ በጥርሱ እየተራገመ ከኋላው ተከተለ፤ እኔም አብሬ። ዱካው በጠባቡ መንገድ ታጠፈና ተስፋይ ደጅ ደረሰ። ተስፋይ በሩ ላይ ቆሟል፣ ፊቱ ዐመድ መስሏል። በኋላ እንደሰማሁት ቁስለኞቹ ከጭድ ክምሩ ሥር ነበሩ።

ባሻይ ተስፋይ ደጅ ላይ ቆመ። ቁጢጥ አለ፣ መሬቱን በጣቱ ነካ። ከዚያ ቀና አለና ተስፋይን አየው። እግሩን አይደለም፣ ፊቱን! እኔ ያን ያህል ዘመን ሳውቀው ሰው ፊት እንዲህ ትክ ብሎ ሲያይ አላየሁትም።

"አልፏል" አለና መንገዱን ቀጠለ። አንዴ ቆሞ እየለካ፣ አንዴ "ይኸው ደም" እያለ፣ የሌለውን ዱካ ከመንገድ መንገድ እያሳየ መጣ፣ መጣና አጥራችን ጋ ደረሰ። ከኔ ቤት ፊት ሲደርስ፣ ያ ረቢ፣ ጉዴ ፈላ አልኩ። አልፎኝ የገዛ ግቢውን በር ከፈተ።

"ዱካው እዚህ ገብቷል። ከዚህ አልወጣም" አለ።

አስተርጓሚው ደነገጠ። "ይሄ እኮ የራስህ ቤት ነው!"

"የራሴ ነው። ያስገባኋቸውም ያበላኋቸውም እኔ ነኝ። አሁን የሉም፣ ሄደዋል።"

ተኔንቴው አላመነም፤ ሊያላግጥብኝ ነው ብሎ በጥፊ መታው። ባሻይ ወደ ቤት ገባ። ምድጃው ሥር ያለውን አፈር በእጁ ቧጥጦ አሮጌ ጠመንጃ አወጣና እግሩ ሥር ጣለለት። መሣሪያ የተገኘበት እንደሚሰቀል ዐዋጅ ወጥቷል። ያኔ አመነ። እጁን ወደ ኋላ አሰሩት፣ ቤቱን ለኰሱት። እኔ አጥሬን ከእሳት ለማዳን ውሃ ስደፋ ሰዉ፣ "በሁለት ቢላዋ ነው የበላው፣ ከዚያም ከዚህም!" ሲል እሰማለሁ። መሐላው አፌን ለጕሞኝ ባልዲዬን ይዤ እየሮጥኩ አለቀስኩ።

ወደ እንዳ ኢየሱስ ይዘውት ሲወጡ ባልዲዬን ጥዬ ከጎን ጎን ሄድኩ። ገበያው ጫፍ ላይ ስንደርስ ከሕዝቡ መሐል አንድ ሰው እየሮጠ ወጣ። ተስፋይ ነው። አስካሪዎቹ ሳይቀድሙት ባሻይ እግር ላይ ወደቀ፣ በአንድ እጁ ጉልበቱን ዐቀፈና ሳመው። "ይቅር ብዬሃለሁ! ከልቤ፣ ከነልጆቼ፣ ይቅር ብዬሃለሁ!" አለ በትግርኛ፣ እየጮኸ።

ተኔንቴው ቆመ። አስተርጓሚውን ጠርቶ ወደ ተስፋይ ጠቆመ። "ምንህ ነው ይሄ? ለምንድነው የሚስምህ?" ብሎ ባሻይን አስጠየቀው።

ባሻይ ያን ሁሉ ዓመት ሽማግሌ እየላከ የለመነው ሰው ጉልበቱን ዐቅፎታል። ፊቱን አየሁት፤ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ እጁ እንደታሰረ ተስፋይን በጉልበቱ ገፍቶ አቧራው ላይ ጣለው።

"ኺድ ካብዚ! ኣይፈልጠካን እየ!" አለው። ሂድ ከዚህ፣ አላውቅህም ማለቱ ነው። ወደ አስተርጓሚውም ዞሮ፣ "እብድ ነው። ያገኘውን ሁሉ እየሳመ ይለምናል" አለ።

አስካሪው ተስፋይን በሰደፍ አንዴ መታና ከመንገድ ጠረገው። ተኔንቴውም ተወው። ይዘውት ወጡ፣ ባሻይም ዞር ብሎ አላየም። ቆዳ ነጋዴው እየሳቀ መሰቀሉን የነገረኝ ከዚያ በኋላ በዋለው ሰኞ ነው።

ቁስለኞቹ ድነው ከከተማ ወጡ። ጣልያን ከሄደ በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት ተስፋይ ወደ ጨው መደቤ መጣና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሰላምታም አልሰጠኝም። "ሰይድ፣ አንተ አጠገቡ ነበርክ" አለኝ። "ይቅር አልኩት፣ ገፈተረኝ። አላውቅህም አለኝ። ሰምቶኝ ነው? ወይስ ቂም ይዞብኝ ሞተ?"

"ሰምቶሃል፣ ሓወይ" አልኩት። "ዐውቅሃለሁ ቢል ያን ዕለት ቤትህን ይፈትሹት ነበር።"

ተስፋይ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ሌላ ሰው እንዲነግረው ነው የፈለገው። ባለችው አንድ እጁ ፊቱን ሸፈነና እዚያው ገበያ መሐል፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ሰዎች፣ "ማን ሞቶበት ነው?" እያሉ ይጠይቁኝ ጀመር።

"ባሻይ ግደይ ሞቶበት ነው" አልኳቸው።